የመምህር እምነት የሚታየው የት ነው?

መሀል አዲስ አበባ ያሉ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች መምህር ሲቀጥሩ ከዲግሪው ኮፒና ከሥራ ልምዱ ጋር አንድ ገጽ ጽሑፍ ይጠይቃሉ፤ «ስለ መማርና ማስተማር ያለዎትን የግል እምነት ይግለጹ» ብለው። እንዲህ ያሉ ገጾችን ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንዱን ከሌላው መለየት ይቸግረዋል። «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው አንቀጽ አይጠፋም። «መምህር አመቻች ነው» ይከተላል። «ሁሉም ልጅ መማር ይችላል» ማሳረጊያው ነው። ከቴሌግራም በወረደ ናሙና ላይ ስም ብቻ የተቀየረባቸው አሉ፤ አንዳንዱ እንዲያውም የመጀመሪያው ባለቤት ስም ከግርጌው ሳይጠፋ ይመጣል።

ጥያቄው ግን ቁም ነገር አለው። ዕውቀት ምን እንደሆነ፣ ልጅ እንዴት እንደሚማር፣ ማን እንደሚገባውና ማን እንደማይገባው፣ የራሱ ድርሻ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ እያንዳንዱ መምህር በውስጡ የያዘው ግምት አለ። ብዙ ጊዜ ራሱም ልብ አይለውም። ፍራንክ ፓጃሬስ የተባለ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1992 በጉዳዩ ላይ እስከዚያ የተጻፈውን ሰብስቦ ሲመረምር መስኩ የተዝረከረከ መሆኑን አልሸሸገም፤ ያም ሆኖ መምህሩ ክፍል ውስጥ ለሚወስደው ውሳኔ ከሚያውቀው ነገር ይልቅ የሚያምነው ነገር ይበልጥ እንደሚወስን ተከራክሯል።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1974፣ ክሪስ አርጂሪስና ዶናልድ ሾን የተባሉ አሜሪካውያን ምሁራን ባለሙያ ስለ ሥራው ሁለት ዓይነት እምነት እንዳለው ጽፈው ነበር። አንደኛው ሲጠየቅ የሚናገረው ነው። ሁለተኛው ከድርጊቱ የሚነበበው ነው። ሁለቱ ሊጣረሱ ይችላሉ፤ ባለቤቱም መጣረሳቸውን ላያይ ይችላል። ይህን አስመሳይነት ማለት ግን ስህተት ነው። ሰውዬው ሲናገርም ከልቡ ነው፤ ሲሠራም ከልቡ ነው። ስለዚህ የመምህርን እምነት ለማወቅ የፈለገ ሰው ገጹን አንብቦ ማስቀመጥና ክፍል መግባት አለበት።

አንድ የተሳሳተ መልስ

በሥራዬ ምክንያት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የሌላ ሰው ክፍል ማየት አዘወትራለሁ። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ደጋግሞ የሚገጥመኝ አንድ ጥያቄ አለ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ይጽፋል። አንዲት ልጅ ጠመኔ ተቀብላ ትወጣና 2/5 ትላለች። ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምራ ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጡትን ጥቂት ሰከንዶች በደንብ ማየት ያስፈልጋል።

አንዱ መምህር «ስህተት! ሌላ ሰው» ይላል። ከፊት የተቀመጠው ቀለሜ ቀድሞውኑ ከወንበሩ ተነሥቶ «ቲቸር! ቲቸር!» እያለ ነው። ይወጣል፣ 5/6 ይጽፋል፣ «አጨብጭቡለት» ይባላል፣ ይጨበጨባል። ልጅቷ ጣቷ ላይ የቀረውን ጠመኔ በዩኒፎርሟ እየጠረገች ተቀምጣለች። ትምህርቱ ይቀጥላል።

ሌላዋ መምህርት «አይደለም፤ ታሕታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን ስንደምር መጀመሪያ ትንሹን የጋራ ብዜት እንፈልጋለን» ብላ እንደገና ታስረዳለች። ግማሹ 3/6 ይሆናል፣ ሲሶው 2/6፣ ድምሩ 5/6። ቀጥላ ተመሳሳይ ሦስት ጥያቄ ትሰጣለች። ልጅቷ ሦስቱንም ትሠራለች።

ሦስተኛው መምህር ልጅቷን ከሰሌዳው አያስመልሳትም። «ቆይ፤ ግማሽ ዳቦ አለሽ እንበል። ሲሶ ተጨመረልሽ። አሁን ያለሽ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ይበልጣል።»

«የጻፍሽውስ? 2/5 ከግማሽ ይበልጣል?»

ክፍሉ መንጫጫት ይጀምራል፤ መምህሩ እጁን አንሥቶ ዝም ያሰኛቸዋል። ልጅቷ ሰሌዳውን አፍጥጣ እያየች «የአምስት ግማሽ ሁለት ተኩል ነው...» ትልና ታቆማለች። ጨምራ ጨምራ ከመጀመሪያው ያነሰ ነገር እንዳገኘች ያን ጊዜ ገባት። ሕጉ ገና አልተነገራትም፤ ግን አሁን ሕግ እንደሚያስፈልጋት አውቃለች።

ሦስቱም መምህራን ቢጠየቁ ተማሪ ተኮር ነን ይላሉ። የመጀመሪያው ግን ሳያውቀው የሚሠራበት እምነት ዕውቀት ያለው ልጅና የሌለው ልጅ እንዳለ፣ የክፍሉም ሥራ ያለውን ፈልጎ ማውጣት እንደሆነ ነው። ለሁለተኛዋ ዕውቀት በትክክል የተነገረና በልምምድ የጸና ሕግ ነው። ሦስተኛው ልጅቷ 2/5 ላይ የደረሰችበት መንገድ አለ፣ መንገዱ ካልታየ ስህተቱ አይነቀልም ብሎ ያምናል። በእርግጥም መንገድ አለው። 1/2ን እንደ አንድ መጠን ሳይሆን ከላይና ከታች እንደተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች የሚያይ ልጅ ከዚህ የተለየ መልስ ሊሰጥ አይችልም።

እዚህ ላይ ለሁለተኛዋ መምህርት ጠበቃ መሆን እፈልጋለሁ። ለብዙ ዓመታት በሥልጠናዎቻችን ላይ መምህሩ ቆሞ ማስረዳቱ እንደ ነውር ሲቆጠር ኖሯል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2006 ፖል ኪርሽነር፣ ጆን ስዌለርና ሪቻርድ ክላርክ ባሳተሙት ሰፊ መነጋገሪያ በሆነ ጽሑፍ፣ ለነገሩ አዲስ የሆነ ተማሪ ያለ በቂ መሪ «ራስህ ድረስበት» ተብሎ ሲተው የባሰ እንደሚቸገር፣ በግልጽ ማስረዳትና የተሠራ ምሳሌ ማሳየት ግን እንደሚጠቅመው ተከራክረዋል። ክርክሩ አሁንም አላበቃም። ለእኔ ግን በደንብ የሚያስረዳ መምህር በቡድን ከፋፍሎ ዝም ብሎ ከሚቀመጠው ይሻላል።

በቡድን መከፋፈል ካነሣን አይቀር፣ «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት በትምህርት ቤቶች የተስፋፋ ጊዜ ዴስኮች ዞረው ተማሪዎች ፊት ለፊት እንዲቀመጡ ተደርጎ ነበር። መምህሩ ግን ማስተማሩን አልቀየረም። ስለዚህ ግማሹ ተማሪ ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ፣ አንገቱን እያዞረ፣ የዱሮውን ኖት ይገለብጥ ነበር። የዴስኩ አቀማመጥ ሲቀየር እምነቱ እዚያው እንደነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላየሁም።

ከየት መጣ?

መምህርነት የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ቀዶ ሐኪም ለመሆን የሚመዘገብ ወጣት ከዚያ በፊት ቀዶ ጥገና ክፍል ቆሞ አያውቅም፤ መምህር ለመሆን የሚመዘገበው ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መምህር ሲሠራ ተቀምጦ አይቷል። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህን አስልቶ፣ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ ወደ 13,000 ሰዓት ያህል ከመምህራን ጋር ያሳልፋል ብሏል። ተማሪው በዚህ ሁሉ ሰዓት የሚያየው የመምህሩን የፊት ገጽ ብቻ ነው፤ ሲያስረዳ፣ ሲቆጣ፣ ሲያርም። መምህሩ ለምን ያን ጥያቄ እንደመረጠ፣ ለምን አንዱን ርዕስ እንደዘለለ፣ ማታ ቤቱ ሲዘጋጅ ምን እንዳሰበ አያይም። ስለዚህ ማስተማር ማለት ቆሞ መናገር ነው የሚል ሥዕል ይዞ ኮሌጅ ይገባል። ሦስትና አራት ዓመት የሚሰጠው ሥልጠና ከዚያ ሥዕል ጋር ይታገላል፤ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል። አዲስ ተመራቂ ጠዋት ስልሳ ተማሪ ፊት ሲቆም አፉ ላይ የሚመጣለት የኮሌጁ ሞጁል ሳይሆን የሰባተኛ ክፍል መምህሩ አነጋገር ነው።

በእኛ አገር ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ ጥፋቱ ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ይወረወራል። «ሽምደዳ ከዚያ የመጣ ነው» ይባላል። ግማሽ እውነት አለው፤ ፊደል ቆጠራው፣ ንባቡ፣ ዳዊት ድገማው በቃል መያዝን ይጠይቃል፣ አለንጋውም ነበር። ቅኔ ቤት ያለውን ሥርዓት ግን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። የቅኔ ተማሪ ግስ ያወርዳል፣ ማለትም የግእዝ ግሦችን በቃሉ ይይዛል፤ ርባ ቅምሩን፣ የግእዙን የሰዋስው ሕግ፣ ያጠናል፤ ይህ የቃል ጥናት ነው። ከዚያ በኋላ ብቻውን ጥግ ይዞ ቅኔ ይቆጥራል፤ ማለትም የራሱን አዲስ ቅኔ ያወጣል። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ወደ ረጃጅሞቹ ይወጣል። የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም መምህሩን ተክቶ ለሚሰማው ከፍ ያለ ተማሪ፣ ለአስነጋሪው፣ ይነግራል፤ ሰዋስዉም ምሥጢሩም ይታረምለታል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን መድገም፣ የጓደኛን ቅኔ የራስ አስመስሎ መንገር ያሳፍራል። አዲስ ነገር ማፍለቅን የዕለት ግዴታ ያደረገ፣ እያንዳንዱን ተማሪ ለየብቻ የሚያርም ትምህርት ቤት በባህላችን ውስጥ ነበር፤ ዛሬም አለ። እኛ ወደ ዘመናዊው ክፍል ይዘን የመጣነው የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ነው ብል የሚከራከሩኝ ይኖራሉ፤ እኔ ግን እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

ዘመናዊው ትምህርት የራሱን ጭነት ይዞ ነው የመጣው። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ ከትምህርቱም ትልቁን ድርሻ የያዘው የውጭ ቋንቋ ነበር። ዕውቀት ከውጭ የሚመጣ፣ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ፣ እኛ የምንቀበለው ነገር ነው የሚለው ስሜት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በየዘመኑ መልኩን እየቀየረ አብሮን ኖሯል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በወረቀት ላይ ይህን ለመገልበጥ ሞክሯል፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ተከታታይ ምዘና፣ ችግር ፈቺ ተማሪ የሚሉት ሁሉ ከዚያ በኋላ የለመድናቸው ናቸው።

ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ፕላዝማ መጣ። በዚያ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሰው ያስታውሰዋል። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ ለመላ አገሪቱ በአንድ ሰዓት ይተላለፋል። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፣ ተማሪው ጨረሰም አልጨረሰም መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መምህሩ መግቢያና መደምደሚያ ላይ የምትተርፈዋን ደቂቃ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ሥራ የጀመሩ መምህራን ዛሬ የትምህርት ክፍል ኃላፊና ርዕሰ መምህር ሆነዋል። የጀመሩበት ክፍል ስለ ማስተማር ምን እንዳስተማራቸው መገመት አያስቸግርም። የስክሪኑ ችኮላ የቀረበት መምህር ራሱ ሲቸኩል ሳይ ይህ ትዝ ይለኛል።

አንድ ሰከንድ

ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ የክፍል ውስጥ ንግግር በቴፕ ቀድተው ይመረምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያሳተሙት ግኝት ቀላል ነው። መምህር ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ በአማካይ የሚጠብቀው አንድ ሰከንድ ያህል ነው። መልስ ካልመጣ ጥያቄውን ይደግማል፣ ሌላ ልጅ ይጠራል ወይም ራሱ ይመልሰዋል። መምህራኑ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲሠለጥኑ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ «አላውቅም» ማለትና ዝም ማለት ቀነሰ፤ ደካማ የሚባሉትም መናገር ጀመሩ። ሮው ሌላም ነገር አይተዋል፦ መምህራኑ ጎበዝ ብለው ለያዟቸው ልጆች ረዘም ያለ ጊዜ ይጠብቃሉ፤ ሰነፍ ላሏቸው ያነሰ። ማሰቢያ ጊዜ ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ነው ያነሰ ጊዜ የሚያገኘው።

የእኛ ክፍል ከዚህ የተለየ አንድ ልማድ አለው። መምህሩ ያስረዳና «ገባችሁ?» ይላል። ስልሳ ድምፅ በአንድነት «አዎ ቲቸር!» ይላል። «ያልገባው አለ?» ዝምታ። «ጥያቄ ያለው?» ዝምታ። «ጥሩ፤ ኖት ጻፉ።» ይህን ሥርዓት በየትኛውም የመንግሥት ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ቆማችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ፤ የግልም ቢሆን ብዙ አይለይም። «አዎ ቲቸር» የሚለው መልስ ጨዋነት ነው። ልጅ ታላቅ ሰው ሲጠይቀው አልገባኝም ማለት የመምህሩን ልፋት ማቃለል ይመስለዋል። መምህሩ ግን ይህን ጨዋነት እንደ መረጃ ይወስደዋል፣ «አስተምሬያለሁ» ብሎም ሌሰን ፕላኑ ላይ ምልክት ያደርጋል። እዚህ ላይ የሚሠራው እምነት ማስተማርና መማር አንድ ናቸው የሚለው ነው፤ እኔ ከተናገርኩ እነሱ ተምረዋል።

መምህር ከልጁ የሚጠብቀው ነገር ልጁን ይለውጠዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ደግሞ ረጅም ታሪክ አለው። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ጥናት ዝነኛ ነው። በካሊፎርኒያ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለመምህራኑ «እነዚህ ልጆች ዘንድሮ በጣም ይሻሻላሉ፤ ፈተናችን አሳይቷል» ተብሎ ስም ዝርዝር ተሰጣቸው። ልጆቹ በዕጣ የተመረጡ ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉት ከሌሎቹ የበለጠ ውጤት አሳዩ፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ጥናቱ ብዙ ተተችቷል። ሊ ጀሲምና ኬንት ሃርበር እ.ኤ.አ. በ2005 የአሥርት ዓመታትን ማስረጃ ሲገመግሙ የመምህር ግምት ተፅዕኖ እንዳለው፣ ነገር ግን በአብዛኛው ትንሽ እንደሆነ፣ በተናቁ የኅብረተሰብ ክፍሎች ልጆች ላይ ግን ሊበረታ እንደሚችል ደምድመዋል። በየሥልጠናው «መምህር ካመነበት ማንኛውም ልጅ ሊቅ ይሆናል» እየተባለ የሚነገረው ስለዚህ ከጥናቱ በላይ የሄደ ነው።

ያም ቢሆን ትንሽ ነገር በየቀኑ ሲደጋገም ትንሽ ሆኖ አይቀርም። «ይሄ ልጅ ቀለም አይገባውም» የሚል ፍርድ ስታፍ ውስጥ ሻይ እየተጠጣ ይነገራል፤ የቀጣዩ ዓመት መምህር ልጁን ሳያየው ፍርዱን ይረከባል። ከዚያ ልጁ ከኋላ ይቀመጣል፣ ጥያቄ አይደርሰውም፣ ቢደርሰውም አንድ ሰከንድ ነው ያለው። ዓመቱ ሲያልቅ ማርኩ የተባለውን ያረጋግጣል።

ሁሉም የመምህር እምነት እንዲህ ጎጂ ነው ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ በበጎ ፈቃድ የተያዘ ስህተት ነው። ተማሪ በዓይኑ የሚማር፣ በጆሮው የሚማር፣ በእጁ የሚማር ተብሎ ይከፈላል፣ እንደየዓይነቱም መማር አለበት የሚለው ትምህርት በብዙ የመምህራን ሥልጠና ውስጥ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሃል ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ ማስረጃውን ፈትሸው ይህን የሚደግፍ በቂ ጥናት አላገኙም። ሌላው ደግሞ ደጋግሞ ማንበብ ጥናት ነው የሚለው ነው። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ለፈተና የሚያጠኑትን ልጆች ብታዩ፣ ገጹን በቀለም ብዕር እስኪዥጎረጎር እያሰመሩ መልሰው መላልሰው ያነባሉ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባደረጉት ሙከራ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከደቂቃዎች በኋላ ሲፈተኑ በልጠው ተገኙ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ያነበቡትን ለማስታወስ የሞከሩት በለጡ። ይህን የሚያውቅ መምህር ትምህርቱን ሲጀምር «ባለፈው የተማርነውን ደብተር ሳትከፍቱ ጻፉ» ይላል። አምስት ደቂቃ ነው፤ ወጪ የለውም።

«ከቤት የመጣ ነው»

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም መምህራንን ሁለት ዓረፍተ ነገር አሳይቶ ትስማማላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። የመጀመሪያው ይዘት የተማሪ ፍላጎትና ውጤት በአብዛኛው በቤቱ ስለሚወሰን መምህር ብዙ ማድረግ አይችልም የሚል ነው። ሁለተኛው ጠንክሬ ከሞከርኩ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን ተማሪ እንኳን ልደርስበት እችላለሁ ይላል። የመጀመሪያውን ሳይቀበሉ ሁለተኛውን የሚያምኑ መምህራን ተማሪዎች በንባብ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ መምህር በራሱ አቅም ላይ ያለው እምነት ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኗል።

እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ባለ ትምህርት ቤት ስታፍ ውስጥ ብትወረውሯቸው እስከ ምሳ ሰዓት ክርክር አይበርድም። በተለይ ከ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኋላ። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሰው ምክንያት ነበረው፤ ስልኩ፣ ቲክቶኩ፣ ኩረጃው፣ ትውልዱ፣ ወላጁ፣ ጦርነቱ፣ ኮቪዱ። ከእነዚህ ውስጥ እውነት የሌለበት የለም። ግን አንድ ሰው የሚመርጠው ምክንያት ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ የሚያደርገውን ይወስናል። «ከታች ክፍል ሳይማሩ መጥተው ነው» የሚል የዘጠነኛ ክፍል መምህር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ የሁለት ሳምንት ክለሳ ያደርጋል ወይስ እጁን ያጣጥፋል ነው።

ለመምህሩ ፍትሐዊ መሆንም ያስፈልጋል። እምነት ብቻውን አይሠራም። አንድ የማውቀው የፊዚክስ መምህር ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ምሽት ላይ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንድ ልጅ ያስጠናል። ማታ ላይ ሌላ ሰው ነው። ልጁ ሲሳሳት «እንዴት እዚህ ደረስክ? አሳየኝ» ይላል፣ ይጠብቃል፣ ሥዕል ይሥላል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የስምንተኛ ክፍሉን ሒሳብ ያነሣል። ቀን ላይ ሰሌዳ ሞልቶ ኖት ያስገለብጣል። የትኛው ነው እምነቱ ብትሉ ሁለቱም ነው የምለው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተማሪው ብዛት፣ የክፍለ ጊዜው ማጠር፣ «ፖርሽን አልጨረስክም» የሚለው ቁጥጥር፣ ደሞዙ ወሩን ስለማያደርሰው የሚጨምረው የማታ ሥራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው የተሻለውን እምነቱን ወደ ማታ ገፍተውበታል። ወላጅም ለማታው ሌላ ይከፍላል።

እንዴት ይለወጣል?

የተለመደው አካሄድ ይህ ነው፤ መምህራን አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ አሠልጣኙ ስለ ተማሪ ተኮር ማስተማር በስላይድ ያቀርባል፣ አበል ይከፈላል፣ ሰርተፊኬት ይሰጣል። ከጀርባው ያለው ሐሳብ የሰውን አመለካከት ከቀየርን ሥራው ይቀየራል የሚል ነው። ቶማስ ገስኪ እ.ኤ.አ. በ1986 ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው ብሎ ተከራከረ። መምህር መጀመሪያ አንዲት አዲስ ነገር ክፍል ውስጥ ይሞክራል፤ የራሱ ተማሪዎች ሲሻሻሉ በዓይኑ ያያል፤ እምነቱ የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ነው። ያላየውን አያምንም፤ እውነት ለመናገር ማመንም የለበትም።

ይህ እኔ ካየሁት ጋር ይገጥማል። «ሰነፍ» የተባለች ልጅ አምስት ሰከንድ ተሰጥቷት ትክክለኛ መልስ ስትመልስ መምህሯ ፊት ላይ የሚታየው ግርምት አንድ ሳምንት ሥልጠና የማያመጣው ነው። ስለዚህ ለጀማሪ መምህር የምመክረው ትንንሽ ነገር ነው። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና የአንድ ክፍለ ጊዜ ድምፅህን ቅዳ፤ ከዚያ ቤትህ ሆነህ ከጥያቄህ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደምትቆይ፣ የማንን ስም እንደምትጠራ ቁጠር። «ገባችሁ?» በምትልበት ቦታ አንድ ጥያቄ ስጥና ሁሉም ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ ሲወጣ እንዲያስረክብህ አድርግ፤ ስልሳውን ወረቀት ማረም አይጠበቅብህም፣ አንዴ አረፍ ብለህ እያገላበጥክ ሦስት ክምር ማድረግ ነው፤ የገባቸው፣ የተምታታባቸው፣ ያልገባቸው። ያወጣኸውንም ሚድ ፈተና መልሰህ እየው። ክፍል ውስጥ ስለ ማሰብ እየሰበክህ ፈተናው ላይ የጠየቅኸው ሁሉ ትርጉምና ዓመተ ምሕረት ከሆነ ተማሪው የሚያምነው ፈተናህን ነው።

ሲያርሙ የሚጻፈው ነገርም ቀላል አይደለም። ሩት በትለር የተባሉ ተመራማሪ እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ማርክ ብቻ የተሰጣቸው፣ አስተያየት ብቻ የተጻፈላቸውና ሁለቱም የተሰጣቸው ተማሪዎች ተነጻጽረዋል። በቀጣዩ ሥራ የተሻሻሉት አስተያየት ብቻ ያገኙት ነበሩ። ሁለቱንም ያገኙት ማርክ ብቻ ካገኙት አልተሻሉም፤ ልጁ ማርኩን አይቶ አስተያየቱን ይዘለዋል። ይህን እዚህ ሙሉ በሙሉ መሥራት አይቻልም፤ ወላጅም ርዕሰ መምህርም ማርክ ይፈልጋል። ግን ከአምስት የቤት ሥራ አንዱን ያለ ማርክ፣ አንድ መስመር ጽፎ መመለስ ይቻላል።

ወላጆች በበኩላቸው ትምህርት ቤት ሲጠሩ የሚጠይቁት «ልጄ ስንተኛ ወጣ?» ወይም «ያስቸግራል?» ነው። አንድ ሌላ ጥያቄ ብትጨምሩ ደግ ነው፦ «ቲቸር፣ ልጄ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ምን ላይ ነው?» መልሱ «ትንሽ ሰነፍ ነው፤ ቤት እንዲያነብ አድርጉ» ከሆነ ስለ ልጃችሁ ብዙ አላወቃችሁም። «ክፍልፋይ ሲደምር ላይና ታቹን ለየብቻ ይደምራል» ከሆነ ልጃችሁን የሚያየው ሰው አግኝታችኋል። ስልሳ ልጅ የያዘ መምህር የሁሉንም በቃሉ ሊያስታውስ ስለማይችል ስትሄዱ ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከኋላችሁም ወረፋ የሚጠብቅ ወላጅ ስላለ አሳጥሩት።